ቀለሙ ይቆይ፦ ሲልኪ ዶሮን በጎንደር ማርባት፣ ለውድድር ማዘጋጀትና መዳኘት

ሲልኪ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሟ ነው። "ነጯ ትሻላለች ወይስ ሰማያዊዋ?" ይላል። ደህና ዳኛ ግን ቀለም የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። በፊት ቆዳዋን፣ ጣቷን፣ ራሷን፣ ላባዋንና ቁመናዋን ይፈትሻል። እነዚህ ከጎደሉ ቀለሟ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። እኛም በዚሁ መንገድ እንሂድ። መሃል ላይ የጎንደር ክረምትና የጎንደር ፈንግል አሉ፤ እነሱን ዘለን ውድድር ላይ አንደርስም።

መጀመሪያ ዶሮዋን እወቋት

ሲልኪ ከቻይና የመጣች ጥንታዊ ዝርያ ናት። ጣሊያናዊው ተጓዥ ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ስለ ቻይና ሲያወጋ፣ በላባ ፈንታ የድመት የሚመስል ፀጉር ስላላቸው ዶሮዎች አንስቷል። አሜሪካኖች በ1874 እ.ኤ.አ. የዶሮ ዝርያዎች መለኪያቸውን ሲያወጡ ሲልኪም ገብታበታለች።

የተለመደ ላባ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። እርስ በርስ ተያይዘው ላባውን ዝርግና ጠንካራ ያደርጉታል። ሲልኪ ላይ እነዚህ መንጠቆዎች የሉም። ስለዚህ ላባዋ እንደ ተነደፈ ባዘቶ ይበተናል፤ የሐር ላባ የምንለው ይህን ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፦ አትበርም፣ ዝናብም ከላይዋ ላይ አይንሸራተትም፤ ዘልቆ ቆዳዋ ድረስ ያረጥባታል። ይህን የያዘ ሰው የአያያዙን ግማሽ ጨረሰ።

ቆዳዋ፣ ሥጋዋ፣ አጥንቷ ሳይቀር ጥቁር ነው። አብዛኛው ዶሮ አራት ጣት ሲኖረው እሷ አምስት አላት። እግሯ ላይ ላባ ይበቅላል። ራሷ ላይ ድብልብል ጉትዬ አለ። ኩክኒዋ፣ ማለትም አናቷ ላይ ያለው ሥጋ፣ የተሰነጣጠቀ ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ ሸካራና ጥቁር ቀይ ነው። የጆሮዋ ቆዳ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል። ጺም ያላትም የሌላትም አለች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ለየብቻ ይወዳደራሉ።

መጠኗ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ መለኪያ አውራው 1 ኪሎ፣ ሴቷ 900 ግራም ገደማ ናቸው። በእንግሊዝ መለኪያ ግን አውራው 1.8 ኪሎ፣ ሴቷ 1.36 ኪሎ ይደርሳሉ። የገዛችሁት ዘር ከየትኛው እንደመጣ ካላወቃችሁ "አነሰች፣ ገዘፈች" እያላችሁ በከንቱ ትጨቃጨቃላችሁ።

ትርፍ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ዶሮ አርቡ። ሲልኪ በዓመት ከ100 እስከ 120 ትናንሽ እንቁላል ብትሰጥ ነው። ለፋሲካ አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ ጥቁር ሥጋ ድስት ውስጥ የሚጨምር የጎንደር ቤትም እስካሁን አላየሁም። ሌላም ነገር አለ። ጥቁርና ገብስማ ዶሮ በእኛ ዘንድ ከዛርና ከጭዳ ጋር ስሙ መነሳቱ የቆየ ነው፤ አጥንቷ ድረስ ጥቁር የሆነች ዶሮ ስታሳድጉ ጎረቤት ሹክ ማለቱ አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው። ልጆቻቸውን ጥሩና ጫጩት አሳቅፏቸው። ወሬው በዚያው ያልቃል።

ስትገዙ

ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ሲልኪ አታገኙም። አብዛኛው ግዢ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ነው። ስለዚህ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፤ ቪዲዮ ጠይቁ። ቪዲዮው ላይ ሻጩ ሁለቱንም እግር ከነጣቱ፣ የተዘረጋ ክንፍ፣ የደረት ላባ ተገልጦ ቆዳዋን፣ ከዚያም ፊቷን ከቅርብ ያሳያችሁ። አምስተኛው ጣት ከኋለኛው ጣት ተለይቶ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ሁለቱ ተጣብቀው ከሆነ ጉድለት ነው።

ክንፉን አደራ። ከሐበሻ ዶሮ የተዳቀለ ጫጩት ጉትዬ፣ አምስት ጣት፣ አልፎ ተርፎ ጥቁር ቆዳ ሊኖረው ይችላል። የሐር ላባ ግን ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዲቃላ ላባው ዝርግ ነው። ሻጩ "ገና ሕፃን ስለሆነ ነው፣ ሲያድግ ይበተናል" ካላችሁ አትመኑት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ የምትታለሉት ግን እናንተ ናችሁ። ዲቃላው ለዘር አይረባም ማለት አይደለም። መልሳችሁ ከንጹሕ ሲልኪ ጋር ብታዳቅሉት ከጫጩቶቹ ገሚሱ የሐር ላባ ይዞ ይወጣል። ግን በዲቃላ ዋጋ ግዙት።

የቆዳውም ነገር የራሱ ሕግ አለው። ቤትሰንና ፐኔት የሚባሉ እንግሊዛውያን በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሲልኪ አውራ ቆዳዋ ከነጣ ሴት ጋር ሲዳቀል ሴት ልጆቹ ጥቁር ቆዳ ይወርሳሉ፤ ወንድ ልጆቹ ግን ፈዘዝ ይላሉ። ቆዳ የሚያነጣው ጂን ከጾታ ጋር ተያይዞ ስለሚወረስ ነው። ስለዚህ "እህቱን እይ፣ ቆዳዋ ከሰል ነው" የሚል ሻጭ ስለ ወንድሙ ምንም አልነገራችሁም።

የ2 ወር ጫጩት "ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ" ብሎ የሚሸጥ ሰውም እየገመተ ነው። ሲልኪ ጾታዋ እስከ 5 ወይም 6 ወር አይለይም። ቶሎ ፍንጭ የሚሰጠው ጉትዬው ነው። የሴቷ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከወንዱ ጉትዬ ግን ቀጫጭን ላባዎች ወደ ኋላ ይወረወራሉ።

እንቁላል ካስመጣችሁ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ እየተንገጫገጨ መምጣቱን አስቡ። እንደ ደረሰ አታሳቅፉት። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት።

መቼና እንዴት ይፈልፈል?

ለውድድር የምትፈልጓቸውን በየካቲት ወይም በመጋቢት አስፈልፍሉ። ክረምቱ ሲገባ 4 ወር ይሞላቸዋልና ይቋቋሙታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ላባቸው ሞልቶ፣ መሬቱም ደርቆ ትደርሳላችሁ። በሰኔ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ጨቅላነቱን በጭቃ ይጨርሰዋል።

የኤሌክትሪክ ማስፈልፈያ ካላችሁ 37.5 ዲግሪ፣ እስከ 18ኛው ቀን እያገላበጣችሁ፣ በ21ኛው ቀን ትጨርሳላችሁ። እርጥበቱ መጀመሪያ 50 በመቶ አካባቢ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ከ65 በመቶ በላይ ይሁን። መብራት በመሃል ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ለዚህ ነው እኔ ታቃፊ ዶሮን የማስቀድመው። ሲልኪ ራሷ በመታቀፍ የታወቀች ናት፤ ባዶ ጎጆ ላይ ሳይቀር ትቀመጣለች። ከ8 እስከ 10 የራሷን እንቁላል ትይዛለች። ሰፋ ያለች የሐበሻ ዶሮ ደግሞ 12 የሲልኪ እንቁላል ያለ ችግር ትሸፍናለች።

ያለ እናት የምታሳድጓቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አሙቋቸው፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን እዩ። አምፖሉ ሥር ተቆላልፈው ከተንጫጩ በርዷቸዋል፤ ዳር ዳር ሄደው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተዘግቶ በተቀመጠ ክፍል ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ እናንተንም ጭምር። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ጭድ የታሸገበት ሳጥን ይሻላል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድሩበታል።

ቤቱ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ግን የደረቀች ሲልኪ ብርድ አይገድላትም። የሚገድላት የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ነው። ስለዚህ ቤቱን ስትሠሩ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያውና ወለሉ ላይ ገንዘብ አውጡ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ። ወለሉ ከግቢው ከፍ ይበል። የመዋያ ቦታቸውም ጣሪያ ይኑረው፤ ጠጠርና አሸዋ አልብሱት።

ቆጥ ከፍ አድርጋችሁ አትስሩ። አትበርምና ከ30 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ብዙዎቹ መሬት ላይ ተኮልኩለው ማደር ይመርጣሉ፤ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን እንጂ ተዉአቸው። ለ1 ካሬ ሜትር 3 ወይም 4 ዶሮ ይበቃል። ለጉዝጓዝ ሰጋቱራ ጥሩ ነው። የጤፍ ጭድ ግን እግራቸው ላባ ላይ ይጠመጠምና ከኩስ ጋር ይደርቃል። ለነጭ ዶሮ ቀይ ሰጋቱራ አታንጥፉ፤ እርጥበት ከነካው ቀለሙ ላባ ላይ ይቀራል።

ጉትዬዋ ዓይኗን ስለሚጋርዳት ጭልፊት ከላይ ሲመጣ አታይም። ማታ ደግሞ ሸለምጥማጥ አለ። የሽቦው ቀዳዳ ጣት የማያስገባ ይሁን፤ አይጥ ጫጩት ይወስዳል። ከሐበሻ አውራ ጋር አንድ ላይ አትዝጉባቸው። ብዙ ሲልኪዎች አናታቸው ላይ የራስ ቅላቸው ጉብ ያለና ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ ነው። አንድ ጠንካራ ንክሻ አንጎል ይነካል።

መኖና ውሃ

ለጫጩት 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው፣ ለታዳጊ ከ16 እስከ 18፣ ለእንቁላል ጣይ 16 ገደማ ፕሮቲንና በቂ ካልሲየም ያለው መኖ ስጡ። ቤት ውስጥ የምትቀላቅሉ ከሆነ በቆሎና ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም። የኑግ ፋጉሎና የተቆላ አኩሪ አተር ጨምሩበት። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ አስቀምጡ። ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ላባ በሚቀይሩበት ወቅት መኖ የቆጠበ ሰው ውድድር ቀን ይታወቅበታል።

የውሃው ዕቃ አፉ ጠባብ ይሁን። ጣሳ ሙሉ ውሃ ስታስቀምጡ ጺሟን ነክራ ትጠጣለች፤ ጺሙ ይረጥባል፣ መኖ ይጣበቅበታል፣ ይሸታል። የጀሪካን ክዳን ላይ ገልብጣችሁ የምትሠሩት መጠጫ ይበቃል።

ጤና፦ ፈንግል፣ ማሬክና የሚጠመዘዝ አንገት

ፈንግልን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። መንደር ሙሉ ዶሮ በሳምንት ሲጨርስ ያላየ የለም። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ተቋም ይመረታል። የተለመደው አካሄድ ኤች ቢ ዋን (የመጀመሪያው ክትባት) በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ላይ ላሶታ (ሁለተኛው ክትባት)፣ ከዚያ በየ3 ወሩ መድገም ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጡ። የነሱ ዶሮ ተከተበ ማለት የእናንተም ዳነ ማለት ነው። ክትባቱ ከመኖሪያ ቤታችሁ እስኪደርስ በበረዶ ይያዝ፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ይለቅ። በዓል ሲቃረብ ከገበያ ዶሮ ገዝታችሁ ከሲልኪ ጋር አታሳድሩ። የእንቁጣጣሽ ዶሮ ለአንድ ሌሊት ብቻ ገብቶ ዓመት የተደከመበትን ይዞ ይሄዳል። ለዘር የገዛችሁትንም 1 ወር ለብቻው አቆዩት።

ማሬክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሲልኪን ክፉኛ ያጠቃል። አንዱ እግር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ወድቃ ካያችኋት እሱን ጠርጥሩ። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ጫጩቷ በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን ስለሚሰጥ፣ ስትገዙ "ማሬክ ተከትቧል?" ብላችሁ ጠይቁ።

አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዞ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች ወደ ኋላ የምትሄድ ሲልኪ አጋጥማችሁ ይሆናል። ሰው ቶሎ "ፈንግል ነው" ብሎ ይጥላታል። ፈንግል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹም ታመዋል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ አረንጓዴ ይቀዝናሉ። እሷ ብቻ ከሆነችና ሌላው መንጋ ጤና ከሆነ አናቷ ተመትቶ ወይም ቪታሚን ኢና ሴሌኒየም አንሷት ሊሆን ይችላል። ለዩዋት፣ ጨለም ያለ ቦታ አድርጓት፣ ቪታሚኑን ከባለሙያ ጠይቃችሁ ስጧት፣ በእጃችሁ አጠጧት። በሳምንታት ውስጥ የምትድን አለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ዶሮ ሳያስመረምሩ ማረድ ያሳዝናል።

ለቅማልና ለቅንቅን ደረቅ አመድና አሸዋ የተቀላቀለበት ሳጥን አስቀምጡ። ላባው ጥቅጥቅ ስለሆነ ተባዩ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። በየሁለት ሳምንቱ ፊንጢጣዋ አካባቢ ገልጣችሁ እዩ። ደም የቀላቀለ የጫጩት ተቅማጥ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ይዛችሁ ቶሎ ድረሱ።

ለውድድር ማዘጋጀት

እኛ አገር ዶሮን ለውበት ማወዳደር ገና ልማድ አይደለም። ይህ ግን አያግዳችሁም። አራት አምስት አርቢ ሆናችሁ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮዎቻችሁን ማቅረብ ትችላላችሁ። ዳኛው የራሱ ዶሮ የሌለበት ሰው ይሁን። ይህ ብቻ ግማሹን ጠብ ያስቀራል።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዶሮዋን ለጥቂት ሰዓት ኬጅ ውስጥ አለማምዷት። በየቀኑ አንሷት፣ ክንፏን ዘርጉ፣ እግሯን ዳስሱ። ዳኛ ሲያነሳት የምትንፈራገጥ ዶሮ ቁመናዋን አታሳይም። ዓይኗ ላይ የወደቀውን የጉትዬ ላባ አትቁረጡ፤ እስከዚያው ቀን በለስላሳ የፀጉር ላስቲክ ሰብስቡት።

አጠባው 2 ወይም 3 ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ነው። ሦስት ሳፋ አሰልፉ። ውሃው ክንዳችሁ ላይ ሲፈስ ለብ የሚል ይሁን። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ የሕፃን ሻምፖ ጨምሩ። አንድ እጃችሁ ደረቷን ከሥር ይያዝ፤ ሌላው እጃችሁ ላባውን ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይጭመቅ። አታፍትጉ፤ የሐር ላባ ከተፈተገ ይቋጠራል። ራሷን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ጉትዬዋንና ጺሟን በስፖንጅ አጥቡ። የእግሯን ላባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጣት በጣት። አንዳንዷ ሙቀቱ ደስ ብሏት እዚያው ሳፋው ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ራሷን ደግፉ።

ሁለተኛው ሳፋ ላይ አለቅልቁ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምራችሁ ደግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረውን ሳሙና ያነሳዋል። ሳሙና የቀረበት ላባ አይበተንም፣ ተጣብቆ ይደርቃል። ከዚያ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን አስመጥጡ። ፀጉር ማድረቂያውን በመካከለኛ ሙቀት፣ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ፣ ላባውን በጣት እየበተናችሁ አድርቁ። ካስክ ሥር አስቀምጠው ሊያደርቁ የሞከሩ አሉ፤ ተዉት። ላዩ ደርቆ ሥሩ ይረጥባል። እስከ ቆዳዋ ካልደረቀች ማታውን ወደ ቤቷ አትመልሷት።

በውድድሩ ጠዋት ኩክኒዋንና ፊቷን በቀጭኑ ቫዝሊን ቀቡ። በጣታችሁ የቀረውን እግሯ ላይ። ከዚያ በላይ መቀባባት ዳኛ ያስቆጣል።

ዳኛው ምን ያደርጋል?

እኔ ከ100 ነጥብ ራስን 30፣ ላባን 30፣ ቁመናን 20፣ እግርን 10፣ ቀለምን 10 እሰጣለሁ። ለቀለም 10 ብቻ ሲባል ደንግጦ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ አለ። ግን ነጥብ ከመስጠት በፊት ከውድድር የሚያስወጡ ነገሮች ይታያሉ። በሁለቱም እግር አምስት ጣት ከሌለ፣ ጉትዬ ከሌለ፣ ላባው የሐር ካልሆነ፣ እግሩ ራቁቱን ከሆነ፣ ፊቱና ኩክኒው ደማቅ ቀይ ከሆነ ዶሮው እዚያው ይወጣል።

መጀመሪያ ሳትነኩ፣ ከኬጁ ራቅ ብላችሁ እዩ። ሲልኪ ከጎን ስትታይ አጭርና ክብ ናት። ጀርባዋ አጭር ሆኖ ወደ ጅራቷ በጉብታ ይነሳል። ደረቷ ወደ ፊት ሞልቷል። ረጅም እግርና ጠፍጣፋ ጀርባ ካያችሁ ሌላ ደም ገብቷል።

ከዚያ አንሱ። በአንድ እጅ ከሥር፣ ራሷ ወደ እናንተ። ዓይኗ ጥቁር ይሁን። ክንፏን ዘርጉ፤ ትልልቆቹ ላባዎች ሥራቸው ጠንከር ቢልም ጫፋቸው የተበተነ መሆን አለበት። የደረቷን ላባ በትንፋሻችሁ እፍ በሉና ቆዳዋን እዩ። ክንፏ ሥርና ጭኗ ላይም እዩ፤ ሮዝ ነጠብጣብ እዚያ ነው የሚደበቀው። ጣቶቿን ቁጠሩ። የእግሯ ላባ እስከ መካከለኛው ጣት መውረድ ይኖርበታል።

አሁን ቀለም

በአሜሪካ መለኪያ የቆዩት ቀለሞች ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ስፕላሽ (ነጠብጣብ ያለበት)፣ ቡፍ (ወርቃማ)፣ ግራጫና ቆቅማ ናቸው። ቀለም በጥላ ሥር በቀን ብርሃን ይታይ። አምፖል ሥር ነጩም ቡፍ ይመስላል።

ነጭ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዋናው ጉድለት ቢጫነት ነው፤ በተለይ አውራው አንገትና ወገብ ላይ። ሰው በበቆሎ ያሳብባል። የእኛ አገር በቆሎ ግን በአብዛኛው ነጭ ነው። የጎንደር ፀሐይ ናት ዋና ተጠያቂዋ። ነጯን ጥላ ውስጥ አውሉ። በተጨማሪ ነጭ ሌላ ቀለም ይሸፍናል። የሲልኪ ነጭ ብዙውን ጊዜ ድብቅ (ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ የማይታይ) ስለሆነ፣ ከሥሩ ቆቅማ ይኑር ጥቁር ይኑር አይታወቅም። ነጭን ከጥቁር አዳቅላችሁ ያልጠበቃችሁት ቀለም ቢወጣ ሌላ አውራ ገብቷል ብላችሁ ጎረቤት አትጠርጥሩ።

ጥቁር ጫጩት ሆዱና የክንፉ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህ ከላባ ለውጥ ጋር ይጠፋል፤ ቶሎ አትጣሉት። አዋቂው ላይ የሚፈለገው እስከ ሥሩ ጥቁር ነው። አውራው አንገት ላይ ወርቃማ ወይም ቀይ ጭረት ብቅ ካለ ዘሩ ውስጥ አለ። ጫፍ ጫፉ ብቻ ከቡናማ ጋር ከተቀላቀለ ግን ፀሐይ አቃጥሎት ይሆናል። ላባ እስኪቀይር ጠብቁት። አዲሱ ላባ ጥቁር ሆኖ ከመጣ ፀሐይ ነበር፤ ቀዩ ከተመለሰ ለዘር አታውሉት።

ሰማያዊ ስንል የደመና ዓይነት ጥቁር ግራጫ ነው። ሂሳቡ አንድ ጂን ላይ ነው ያለው። ጂኑ የሌላት ጥቁር ናት። አንድ ያላት ሰማያዊ፣ ሁለት ያላት ስፕላሽ ናት። ስለዚህ ሰማያዊን ከሰማያዊ ስታዳቅሉ በአማካይ ከአራት አንድ ጥቁር፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ስፕላሽ ይወጣል። ሰማያዊ ከጥቁር እኩል በእኩል ነው። ሁሉም ሰማያዊ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ስፕላሽን ከጥቁር አዳቅሉ። ዳኛው የሚፈልገው ከራስ እስከ ጅራት ወጥ ሰማያዊ ነው። አውራው አንገቱና ወገቡ ጠቆር ቢል ይታለፋል። ዝገት የሚመስል ቡናማ ግን ነጥብ ያስቀንሳል። ስፕላሽ ደግሞ ነጣ ያለ ሰማያዊ መደብ ላይ ጥቁርና ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው፤ ሥርዓት አይጠየቅበትም።

ላቬንደርን ከሰማያዊ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ላቬንደር ነጣ ያለ፣ ብርማና አንገቱም ጀርባውም አንድ ዓይነት ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ጫጩቶቹ ይነግሯችኋል። ላቬንደር ከላቬንደር ሁልጊዜ ላቬንደር ነው፤ ጥቁርና ስፕላሽ ከወጣ ሰማያዊ ነበር።

ቡፍ ወርቃማ ነው፤ እንግሊዞችም ጎልድ ይሉታል። ችግሩ ወጥነት ነው። ጅራቱ ላይ ጥቁር ይደበቃል፣ ክንፉ ላይ ነጭ። ፀሐይ ስለሚያነጣው የታጠበ ልብስ ዓይነት ዥጉርጉር ይሆናል። ቡፍን ላባ በቀየረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳኙት።

ቆቅማ ጫጩት ጀርባው ላይ ቡናማ መስመር ይዞ ይወጣል፤ ከሁሉ የሚያምረው ጫጩት እሱ ነው። ሴቷ ቡናማ ላይ ጥቁር ቀጫጭን መስመሮች አሏት። አውራው ደረቱ ጥቁር፣ አንገቱ ጥቁር ጭረት ያለበት ወርቅ ነው። ላባው የተበተነ ስለሆነ መስመሩ እንደ ዝርግ ላባ ጥርት አይልም፤ ዳኛ ይህን መቀበል አለበት። ግራጫ የዚሁ ብርማ ዓይነት ነው። እዚያ ላይ ቡናማ ከገባ ጉድለት ነው።

የቀሩት ሁለቱ ዳኛ የሚፈተንባቸው ናቸው። ፔይንት ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ሰው ያብዳል። ነጩን የሚያመጣው ጂን ግን የቆዳውንም ጥቁረት ይበሳል። ብዙ ፔይንት ክንፉ ሥር ወይም ፊቱ ላይ ሮዝ ቦታ አለው። ኩኩ ማለት የገብስማ ዓይነት መስመር መስመር ያለበት ነው። እሱንም የሚያመጣው ጂን የቆዳን ጥቁረት ያደበዝዛል። ወንዱ ሁለት ጂን ሊወስድ ስለሚችል ከሴቷ ይልቅ ይነጣል። ከሐበሻ ገብስማ ጋር አዳቅለው "አዲስ ቀለም አወጣሁ" የሚሉ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ላባው ያምራል፤ ገልጣችሁ ስታዩ እግሩ ገርጥቷል። እንደዚህ ዓይነት ዶሮ ቆንጆ ነጠብጣብ ይዞ ሲመጣ፣ አጠገቡ ደግሞ ቆዳዋ ከሰል የሆነ፣ ጉትዬዋ ክብ፣ ሰማያዊዋ ትንሽ ዝገት ያላት ሴት ብትኖር፣ እኔ ያለ ማመንታት ሴቷን አስቀድማለሁ።

ፔይንትን ማርባት ከፈለጋችሁ ቆዳው እንዳይነጣ ከጥቁር ሲልኪ ጋር አዳቅሉት። ከጫጩቶቹ በአማካይ ገሚሱ ፔይንት፣ ገሚሱ ጥቁር ይወጣል። ፔይንትን ከፔይንት ካዳቀላችሁ ከአራት አንዱ ነጠብጣብ የሌለው ወይም ብዙም የሌለው ነጭ ይሆናል።

ከውድድሩ በኋላ

ብዙ ግቢ የተሰበሰበበት ቦታ የዋለች ዶሮ ቀጥታ መንጋ ውስጥ አትገባም። 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ኬጁን በበረኪና እጠቡ፣ ጫማችሁንም። ለዘር የምትመርጧት ከሆነ የፊንጢጣዋ አካባቢ ላባ በመቀስ ይከርከም፣ የአውራውም እንዲሁ፤ ላባው ብዙ ስለሆነ እንቁላሉ ዘር ሳይይዝ ይቀራል። ጉትዬዋንም አሁን ከዓይኗ ላይ ቁረጡላት።